የአጥናፉ ስም፣ የልሳኑ ደም

፩

ስም፦ አጥናፉ ዘርጋው
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር
ክብደት፦ 118 ኪሎ
የምርመራው ዓይነት፦ የደም ቅባት
ደሙ የማን ነው፦ (ቅጹ ይህን አይጠይቅም።)

፪

ቅጹ ባለመጠየቁ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሌላ ነበር። ልሳኑ ይባላል፤ የአጥናፉ ታናሽ ወንድም ነው። አርባ አንድ ዓመቱ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሃምሳ አራት ኪሎ። ኮቱን ከላዩ አያወልቅም፤ ያለ ኮት ንፋስ ይዞኝ ይሄዳል ብሎ ይፈራል።

«አጥናፉ ዘርጋው!» ብላ የላቦራቶሪዋ ሲስተር እታገኝ ስትጣራ፣ ልሳኑ ወንድሙ ከኋላው የመጣ መስሎት ዞር አለ። ከዚያ ትዝ አለው።

«አቤት።»

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ቅጹን አየች። ሰውየውን አየች። ቅጹን ደግማ አየች።

«እዚህ ላይ 118 ኪሎ ይላል።»

«ነበርኩ።»

«መቼ?»

«ከሁዳዴ በፊት።»

«ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ ሃምሳ አምስቱንም ቀን ጾሜ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ» አለችና መርፌዋን አነሳች።

፫

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ አንዲት ገጽ ማስታወቂያ ናት። ከፋሲካ ማግስት አጥናፉ የሚሠራበት የአውቶቡስ ማኅበር ግድግዳ ላይ ተለጠፈች፦

«ማንኛውም ሾፌር የደም ቅባቱን ተመርምሮ ውጤቱን ያቀርባል። ከ240 በላይ የሆነበት ለሦስት ወር መሪ አይጨብጥም። የሌላ ሰው ውጤት ያቀረበ እስከ መጨረሻው አይጨብጥም።»

አንባቢ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በጣቱ ይዞ ይቆይ። ኋላ ታስፈልጋለች።

አጥናፉ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል። የከተማው ሰው «ኩርባ ላይ እጁን ቢለቅ እንኳ ሆዱ ያዞረዋል» ይልለታል። አጥናፉ ይህን ሲሰማ ይኮራ ነበር። ማስታወቂያዋን ያነበበ ቀን ግን ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እናቱ ቤት ሄደ።

፬

የቤተሰብ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ
ቦታ፦ የእማማ ሸዋረገድ ቤት

አጥናፉ፦ እኔ ከተመረመርኩ አለቀልኝ። እስቲ ይሄን እዩት!

እማማ ሸዋረገድ፦ ሆድህን አታማ። የወንድ ሆድ ሞገስ ነው።

አጥናፉ፦ ማሽን ሞገስ አያውቅም፣ እማዬ።

እማማ ሸዋረገድ፦ ታዲያ ልሳኑ ይሂድልሃ። እሱ ምን ስብ አለበት? የዶሮ ክንፍ እንኳ ከእሱ ይሻላል።

ልሳኑ፦ እማዬ፣ እዚሁ ነኝ እኮ።

እማማ ሸዋረገድ፦ አይቼሃለሁ፣ በስንት ፍለጋ።

(እማማ 96 ኪሎ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አንድ ቀን ራሳቸውን አሟቸው አያውቅም።)

ልሳኑ፦ ቢታወቅስ?

አጥናፉ፦ በምን ይታወቃል? አባታችን አንድ፣ እናታችን አንድ፣ ደማችን አንድ። የቱ ጋ ነው ውሸቱ?

ውሳኔ፦ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ልሳኑ ድምፅ አልሰጠም። ክንዱን ሰጠ።

፭

በወንድምህ ስም ደም ለመስጠት፣ መመሪያ

ከዋዜማው ጀምረህ ምንም አትብላ። ለአንተ አይከብድህም።
ስምህን በር ላይ ተወው።
የሰው ስም ሲጠራ አቤት በል።
ደምህ ወደ ብልቃጡ ሲገባ እየው። ቀይ ነው። የማንም ደም ቀይ ነው፤ ይህ ያጽናናህ።
ጥጡን ጫን አድርገህ ያዝ።
ስትወጣ ስምህን ከተውክበት አንሳ።

የሚያስቸግረው ይሄ የመጨረሻው ነው።

፮

አጥናፉ ዘርጋው። ጠቅላላ ኮሌስትሮል፦



412



ከሁለት መቶ በታች ነው የሚፈለገው። ሲስተር እታገኝ ማሽኑ የተሳሳተ መስሏት በተረፈው ደም ደግማ ሞክራ ነበር።

413።

፯

አጥናፉ ከመሪው ወረደ።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ምክንያት ፈለገ። ቀጭን ሰው ስብ ሊኖረው እንደማይችል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱ ሌላ መሆን ነበረበት። ያገኙት እማማ ሸዋረገድ ናቸው።

«ስሙን ስትወስድ ስቡንም ወሰድከው» አሉ ልሳኑን። «ምን የማሽን ስህተት አለው! ማሽኑ የተጻፈለትን ነው ያነበበ።»

ሁሉም ተስማማ። ልሳኑም ተስማማ፤ ሌላኛውን ምክንያት ከማሰብ ይሄኛውን ማመን ይቀላል።

ከክሊኒኩ የመጣው ኪኒን በትንሽ የወረቀት ከረጢት ነበር።

«ጋሼ» አለ ልሳኑ፣ «ምናልባት እኔ ብውጠው...»

«እስቲ ላዩ ላይ ያለውን አንብበው።»

«አጥናፉ ዘርጋው።»

«እንግዲያው!» አለ አጥናፉና ዋጠ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳያዛንፍ ዋጠ።

፰

ዶክተሩ ለአጥናፉ የከለከለው ምግብ፣ እና የሄደበት ቦታ

ጮማ፦ ወደ ልሳኑ ሳህን።
ቅልጥም፦ ወደ ልሳኑ ሳህን።
የበግ ላት፦ ወደ ልሳኑ ሳህን፤ የተረፈው ወደ ሶስና።
ቅቤ፦ የትም አልሄደም። አጥናፉ «ጎመን ብላ አለኝ እንጂ ጎመኑን አታለስልሰው አላለኝም» ብሎ አስቀረው።

ሶስና የልሳኑ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አንድ ለእናቷ፣ አንድ ለአባቷ። እናቷ አረብ አገር ስለሄደች የምትኖረው ከአባቷ ጋር ብቻ ነው። ጉንጫም ናት፣ ሳቂታ ናት፤ ስትሮጥ መሬቱ ያውቃል። እማማ ሸዋረገድ ባዩዋት ቁጥር ደስታ አይችሉም፦

«እሰይ የእኔ ልጅ! አባቷን ሳትወጣ የቀረች! ብይ፣ ነይ ይቺን ጨምሪ።»

፱

ከልብስ ሰፊው ደብተር፣ የወገብ ልክ በሴንቲ ሜትር

አጥናፉ። ሚያዝያ 124። ግንቦት 124። ሰኔ 124። ሐምሌ 125።
ልሳኑ። ሚያዝያ 68። ሐምሌ 72። (ሰፈሩ «መልክህ ተመለሰ» አለው።)
ሶስና። ኅዳር 66። የካቲት 70። ሰኔ 75።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ በሰው ስም የማይነግደው ይህ ደብተር ብቻ ነው።

፲

ወደ ኋላ እንመለስ፤ ግንቦት ነው። ዶክተር ናሆም ወጣት ነው፤ ሲያስብ ብዕሩን ያኝካል። «የቤተሰቡን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይዘው ይምጡ» ስላለ አጥናፉ እናቱን ወሰደ። እናቱን ደግፎ ያደረሰው ልሳኑ ነው፤ በር አጠገብ ወንበር ሰጡት።

«እማማ፣ የአቶ አጥናፉን የአባት ወገን ያውቃሉ?»

«ምን ነካህ ልጄ! ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ ዝምድና የላቸውም ተብሎ ነው የተዳርኩት።» ከነርስታቸው፣ ከነፈረሳቸው ስም ሰባቱንም አወረዱለት።

«በጣም ጥሩ። አሁን ደግሞ አሟሟታቸውን።»

እማማ በጣታቸው ቆጠሩ፤ የሚያውቁት የአምስቱን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ከነበሩት ሽማግሎች ይህን የጠየቀ አልነበረም።

ዘርጋው። 43 ዓመቱ። «ሠርግ ላይ፣ የጎረሰውን ሳይውጥ። ዐይን ነው።»
የእሱ አባት ጣሰው። 44። «እርሻ ላይ። ምች መታው።»
የእሱ አባት ወልደየስ። 40። «ሲስቅ። ደስታ በዛበት።»
የእሱ አባት አምዴ። 45። «ዳኛ የፈረደበት ለት። ንዴት ነው።»
የእሱ አባት ጎሹ። 39። «እሱስ ጦር ሜዳ ነው፣ በጥይት።»

ዶክተሩ ጎሹን ሊሰርዝ ሲል እማማ አከሉ፦ «ጥይቱ ሳይደርስ ነው ደረቱን ይዞ የወደቀ የሚሉም አሉ።»

ብዕሩን ማኘክ ተወ።

«ወፍራሞች ነበሩ?»

«የት አባታቸው! መቃ በላቸው። አንድ ምልክት ግን አላቸው፤ እጃቸው ጀርባ ላይ፣ ከጣታቸው ሥር፣ አተር አተር የሚያህል እብጠት። የዘርጋው ዘር በዚያ ነው የሚታወቀው።»

ዶክተሩ የአጥናፉን እጅ አንስቶ አገላበጠ። እንደ ትኩስ ዳቦ ለስላሳ ነበር።

«እዚህ ምንም የለም።»

«እሱማ እኔን ነው የወጣ! አባቱን የወጣው ያ...»

አጥናፉ ሳለ። እንደገና ሳለ። ዶክተሩ ተነስቶ ውኃ እስኪቀዳለት ድረስ ሳለ።

በር አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

፲፩

«ሁለት ነገር አለ» አለ ዶክተር ናሆም፣ ወረቀት ላይ እየሞነጫጨረ። «አንዱ ክብደት ነው። ክብደት የደም ቅባት ላይ ይደምራል፤ አንዱ ሰው ላይ ብዙ፣ ሌላው ላይ ጥቂት። ሁለተኛው ከወላጅ የሚወረስ ዘረ መል ነው፤ ጉበት ቅባቱን ከደም ውስጥ በደንብ እንዳያነሳ የሚያደርግ አለ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ መደመር ይቀርና ማባዛት ሊሆን ይችላል። እርስዎ ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል፣ አቶ አጥናፉ።»

አጥናፉ በሌለበት በሽታ አንገቱን ደፋ።

«ቀጭን ሰውስ?» አለ በር አጠገብ ያለው።

«ዘሩ ካለበት ቀጭንም አያመልጥም። እንዲያውም የሚያስፈራኝ እሱ ነው፤ ማንም አይጠረጥረውም፣ ራሱም ጭምር።»

«ልጁ ብትወፍርስ? ማለቴ... የቀጭኑ ልጅ።»

«ልጅ የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ሳንቲም እንደ መወርወር። ከወረሰች፣ በዚያ ላይ ደግሞ ከወፈረች...» ወረቀቱ ላይ ትልቅ የማባዣ ምልክት አደረገ። «በጊዜ ከታወቀ ግን ይታከማል። አባቶቿ አርባ ላይ የቆሙትን እሷ ሰማንያ ልትገባ ትችላለች። ማን ናት?»

«እንዲሁ ነው የጠየቅኩት።»

«እንዲሁ» ዘጠኝ ዓመቷ ነው። 45 ኪሎ።

«የአቶ አጥናፉን ልጆች በሙሉ አምጡልኝ» አለ ዶክተሩ። «የማሽኑ ኬሚካል ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስለሚቸግረን፣ ልጅ የምንመረምረው ወላጁ ከፍ ያለበት ከሆነ ብቻ ነው።»

፲፪

የአጥናፉ አራት ልጆች ውጤት፦

ደህና።

ደህና።

ደህና።

ደህና።

ዶክተር ናሆም አራት ጊዜ የተወረወረ ሳንቲም አራቴም በአንድ ጎኑ ሲወድቅ አይቶ ተገረመ። ሳንቲሙ የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ መሆኑን ማን ይንገረው?

፲፫

ሦስት ወሩ ሞላ፤ ሐምሌ ገባ። ሁለተኛው ምርመራ ላይ ልሳኑ አልፈልግም አለ። «ክንዴ ደክሞታል» አለ። አጥናፉ እያለቀሰ ራሱ ሄደ።

ሲስተር እታገኝ ቅጹን አየች፤ ሰውየውን አየች።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ባለፈው እንዲያ ከስተው...»

«ሁዳዴ ነበራ።»

«አሁንስ?»

«ፋሲካ ሆነ።»

ውጤት፦ 198። ኪኒኑን በእምነት ስለዋጠ ይሁን፣ ወይም ከመጀመሪያውም እናቱን ስለወጣ፣ የሚያውቅ የለም፤ የራሱ ደም ከዚያ በፊት ተለክቶ አያውቅምና። ማኅበሩ ግን ለማወቅ ጊዜ አላጠፋም። በሳምንቱ ክሊኒኩ በር ላይና መናኸሪያው ላይ ባነር ተሰቀለ፣ የአጥናፉ ፎቶ ያለበት፦

«አቶ አጥናፉን እንምሰል! ከ412 ወደ 198 በሦስት ወር!»

ሾፌሮች ተሰብስበው ምክሩን ሰሙ። «ዋናው ቁርጠኝነት ነው» አላቸው። ከዚያ በኋላ መናኸሪያው አካባቢ ጎመን ጠፋ።

ወገቡ 125 መሆኑን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። የባነሩን ሱሪ የሰፋው እሱ ነው።

፲፬

(እዚህ ላይ ልሳኑ ክሊኒኩ ሄዶ እውነቱን የተናገረበት ክፍል ሊገባ ነበር። ሄደ። በሩ ላይ ባነሩን አየ። ወንድሙ እንደዚያ ሲስቅ አይቶት አያውቅም። ተመለሰ።)

 

፲፭

«አባዬ፣ ሆዴን ልሳበው?»

ለመስከረም አዲስ ዩኒፎርም ሊሰፋላት ሜትሩን ወገቧ ላይ ጠምጥሞ ነበር።

«አትሳቢው። ሜትር ሲዋሽ አልወድም።»

«ስንት ሆንኩ?»

«77።»

«ጎበዝ ነኝ?»

ሜትሩን የያዘው እጁ ላይ ዐይኑ አርፎ ነበር። ከጣቶቹ ሥር አራት አተሮች ተደርድረዋል። ትንሽ ሆኖ አባቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ እነዚህን ይቆጥር ነበር፤ እስከ አራት መቁጠር የተማረው በእነሱ ነው።

«እማማ እኮ ትልቅ ስሆን እንደ እሷ እሆናለሁ ብላኛለች» አለች ሶስና። «ሰባ አራት ዓመት።»

፲፮

የልሳኑ መደብር ውስጥ ያለው በርጩማ አጥናፉን ስለማይችለው ቆሞ ነው የሚያወራው።

«ጋሼ፣ ያ ደም የእኔ ነው።»

«የማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«412ቱም የእኔ ነው።»

«ማሽን ነው ስልህ...»

«ያንተንም 198 ያለው ያው ማሽን ነው። ወይ ሁለቱንም እመን፣ ወይ ባነሩን አውርድ።»

አጥናፉ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሶስናን ላስመርምራት ነው» አለ ልሳኑ። «ልጅ የሚመረምሩት በወላጅ ውጤት ነው። የእኔ ውጤት ደግሞ አንተ ስም ላይ ነው። በስሜ እንዳልመረመር፣ ሲስተሯ መልኬን በአንተ ስም ነው የምታውቀው።»

«ይሄን ያልክ ለት እኔ መሪ አልጨብጥም። እስከ መጨረሻው ነው የሚለው።»

«አንብቤዋለሁ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት፣ ልሳኑ! እኔ እኮ ከመሪ ሌላ የምጨብጠው አላውቅም። ማንኪያ እንኳ በወግ አልይዝም።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

«እሺ፣ በእኔ ትጻፍ» አለ አጥናፉ።

«ምን?»

«ሶስና አጥናፉ ትባላ! አምስተኛ ልጅ አለችኝ፣ ገጠር ነበረች እላለሁ። ትመረመራለች፣ ካለባትም ትታከማለች። ማን ተጎዳ? ስም እኮ ነው።»

«ባለፈውም ስም ነው ብለን ነበር።»

አጥናፉ ከተንጠለጠሉት ሱሪዎች አንዱን ያዝ አደረገ። የራሱ ነበር፤ ሁለት ሰው ያስገባል።

«ፈርቼ ነው» አለ በመጨረሻ። «ያን ጊዜም ፈርቼ ነው።»

«አባባ ሲሞት ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አርባ ሦስት።»

«እኔስ ስንት ነኝ?»

ልሳኑ መርፌው ላይ ክር አስገባ። በሦስተኛው ሙከራ ገባለት።

፲፯

ሰኞ ጠዋት። ሦስቱም አብረው ሄዱ፤ አጥናፉ በቀኝ፣ ልሳኑ በግራ፣ ሶስና መሃል ሆና የሁለቱንም እጅ ይዛ። በባነሩ ሥር ሲያልፉ «ጋሼ አንተ ነህ!» ብላ ጮኸች። ጋሼው ቀና ብሎ አላየም።

ሲስተር እታገኝ ቀና አለች። ወፍራሙን አየች። ቀጭኑን አየች። ሁለቱን አንድ ላይ ስታያቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሁዳዴና ፋሲካ ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

ቅጽ አወጣች።

ዶክተር ናሆም ብዕሩን እያኘከ ከክፍሉ ብቅ አለ። «አምስተኛ ልጅ አለችዎት እንዴ?» ብሎ አጥናፉን ጀመረና ቆመ። ልሳኑ እጆቹን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸዋል። ረስቶት ይሁን አውቆት፣ አይታወቅም።

ዶክተሩ አራቱን አተሮች አየ። ከዚያ የማንንም ፊት ሳያይ ጠበቀ።

«ስምሽ ማነው የእኔ ቆንጆ?» አለች ሲስተር እታገኝ።

«ሶስና።»

«የአባትሽስ ስም?»

ሶስና ሳቋን ገታች። ቤት ውስጥ እንዲህ በዪ ያላት ሰው አልነበረም፤ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ግን አዋቂዎቹ ሁሉ ለምን ትንፋሻቸውን እንደያዙ አልገባትም። መጀመሪያ ወደ ቀኝ አየች። አጥናፉ ኮፍያውን በሁለት እጁ እንደ መሪ ጨብጦታል። ከዚያ ወደ ግራ አየች።

«አባዬ፣» አለች፣ «ልንገራት?»

፲፰

ስም፦ ሶስና
ዕድሜ፦ 9
ክብደት፦ 47 ኪሎ
የምርመራው ዓይነት፦ የደም ቅባት
ደሙ የማን ነው፦ (ቅጹ ዛሬም አይጠይቅም።)
የአባት ስም፦